ፈረሰኞቼ ቀድመው ይሞታሉ፣ ካታፑልቶቼ አርፍደው ይደርሳሉ

ጥያቄው ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂው የጻፈው ባጭሩ ይህን ይመስላል፦ «ሲቪላይዜሽን 6 የሚባለውን የኮምፒዩተር ጨዋታ ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። በፊት አምስተኛውን ነበር የምጫወተው። ከተማ ለመያዝ ስነሳ ሁሌ አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚገጥመኝ። ስምንት ዘጠኝ ወታደር አዘጋጅቼ የጠላትን ከተማ እጫንና ሂዱ እላቸዋለሁ። ፈረሰኞቹ ቀድመው ደርሰው ይሞታሉ። እግረኞቹ እየተንጠባጠቡ ይመጣሉ። ድንጋይ ወርዋሪዎቹ ካታፑልቶች የሚደርሱት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። አንዳንዱ ወታደር የእንቅስቃሴ ነጥብ እያለው ኮረብታ አልወጣም ይላል፣ አንዳንዱ ጠላት አጠገብ ሲደርስ ደርቆ ይቀራል። የኮምፒዩተሩ ጦር ግን እንደልቡ ነው የሚሄደው። እያጭበረበረ ነው? ሁሉንም ፈረሰኛ ባደርገውስ?»

ኮምፒዩተሩ እያጭበረበረ አይደለም። ሁሉንም ፈረሰኛ ማድረግም አያዋጣህም፤ እንዲያውም የባሰ ይጎዳሃል። ችግርህ ወታደሮችህን አንድ በአንድ መላክህ ነው። ጦር የላክህ ይመስልሃል እንጂ የላክኸው ዘጠኝ ለየብቻው የሚሄድ ሰው ነው።

የማጭበርበሩን ነገር መጀመሪያ እንዝጋው። የጨዋታውን ደረጃ ከፍ ስታደርግ ለኮምፒዩተሩ ጭማሪ ይሰጠዋል፣ ይህ እውነት ነው። ምርቱ ይጨምራል፣ ሲጀመር ተጨማሪ ወታደር ይይዛል፣ ሲዋጋም ጉልበት ይታከልለታል። የእንቅስቃሴ ነጥብ፣ ማለትም ወታደሩ በአንድ ተራ የሚራመድበት ነጥብ፣ ግን አይጨመርለትም። የሱም ሰይፈኛ እንዳንተው 2 ነጥብ ነው ያለው። እንደልቡ የሚሄድ የሚመስልህ በራሱ አገር ስለሚዋጋ ነው። መንገድ አለው፣ ከደጁ ነው የሚወጣው። አንተ ደግሞ ጫካና ወንዝ አቋርጠህ ነው የምትደርሰው።

አሁን ወደ ነጥቡ። ቤት ስል ካርታው ላይ ያለችውን ባለ ስድስት ጎን ቁራጭ ማለቴ ነው፤ እኛ ደሴ ስንጫወት እንደ ዳማው ቤት ነው የምንላት። አምስተኛው ላይ ትንሽም ብትሆን ነጥብ ከቀረችህ የፈለግኸው ቤት ትገባለህ። ስድስተኛው ላይ ይህ ቀርቷል። የምትገባበት ቤት የሚጠይቀውን ነጥብ ሙሉውን መያዝ አለብህ። ሜዳ 1 ይጠይቃል። ኮረብታ 2፣ ጫካ 2፣ ረግረግ 2። ጫካ የለበሰ ኮረብታ 3። ሰይፈኛህ አንድ ሜዳ ተራምዶ 1 ነጥብ ብቻ ይዞ ኮረብታ ፊት ከደረሰ እዚያው ይቆማል። አልወጣም ያለህ ለዚህ ነው።

አንድ ማለፊያ አለች። ነጥቡ ሳይነካ ተራውን የጀመረ ወታደር፣ ቤቱ የቱንም ያህል ቢጠይቅ፣ አንድ ቤት መግባት ይችላል። 2 ነጥብ ያለው ሰው 3 የሚጠይቀውን ጫካማ ኮረብታ የሚወጣው በዚች ነው። ወንዝም እንደዚሁ ነው። መሻገር ተጨማሪ ነጥብ ስለሚበላ፣ እግረኛህ ወንዙ ዳር አድሮ በሚቀጥለው ተራ ሙሉ ነጥቡን ይዞ ሲነሳ ነው በቀላሉ የሚሻገረው።

ይህ ካርታውን የምታይበትን ዓይን ይቀይረዋል። አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ከፊትህ ሜዳ፣ ኮረብታ፣ ሜዳ፣ ኮረብታ ተደርድሯል እንበል። አራት ቤት ብቻ ነው። 2 ነጥብ ያለው እግረኛ አንደኛውን ሜዳ ይገባና ይቆማል። በሁለተኛው ተራ ኮረብታውን ይወጣል። በሦስተኛው ይወርዳል። በአራተኛው ሁለተኛውን ኮረብታ ይወጣል። አራት ቤት በአራት ተራ ማለት ነው። በጎን ዞረህ ስድስት ቤት ሜዳ ብታገኝ ግን በሦስት ተራ ትጨርሰዋለህ። ዙሪያው አጠረ ማለት ነው። አንተ የሐረጎን ዳገት ጭነት ይዞ የሚወጣ መኪና በየቀኑ የምታይ ሰው ነህ፣ ይህ ሊከብድህ አይገባም። ከኮምቦልቻ ደሴ በኪሎሜትር ቅርብ ነው፣ ሹፌሩ ግን የሚያስበው በዳገቱ ነው።

ጠላት አጠገብ ሲደርስ ደርቆ የሚቀረው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ዞን ኦፍ ኮንትሮል የሚባለው ነው፣ የቁጥጥር ክልል በለው። በእጁ የሚዋጋ ወታደር ሁሉ በዙሪያው ያሉትን ስድስት ቤቶች ይቆጣጠራል። ከነዚያ ቤቶች አንዱ ውስጥ ስትገባ የቀረህ ነጥብ ይዘጋና ለዚያ ተራ እንቅስቃሴህ ያበቃል። ከተማና የጦር ካምፕም ይህን ያደርጋሉ። ቀስተኛና ካታፑልት ግን አያደርጉም። ወንዝ መሃል ከገባም ቁጥጥሩ አይሻገርም። ፈረሰኛ ይህን ሕግ አያውቀውም፣ ሰንጥቆ ያልፋል። ፈረሰኞችህ ቀድመው የሚሞቱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ እግረኛው በጠላት ቁጥጥር ተይዞ ኋላ ሲቆም እነሱ ብቻቸውን ገብተው ይገኛሉ።

ይህ ሕግ ለአንተም ይሠራል፣ ብዙ ሰው ግን ይህን ገጽታውን አይጠቀምበትም። ሁለት እግረኛ መሃላቸው አንድ ባዶ ቤት ትተህ ብታቆማቸው፣ የጠላት እግረኛ በባዶው ቤት ሰተት ብሎ ማለፍ አይችልም። ገብቶ ይቆማል። አንተ ደግሞ ከሁለት ወገን ትመታዋለህ። ስለዚህ አጥር ለመሥራት ወታደር በወታደር ላይ መደርደር የለብህም። ጥንቃቄው፣ ጠላት ፈረሰኛ ካለው ይህ ክፍተት ያለው አጥር አይሠራም። ያን ጊዜ ክፍተቱን ዝጋው፣ ወይም ጦረኛ፣ ማለትም ጦር የያዘውን እግረኛ (ስፒርማን)፣ አቁምበት። ጦረኛ በፈረሰኛ ላይ 10 ጉልበት ይጨመርለታል።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን፣ «ከተማውን ተጭኜ ሂዱ እላቸዋለሁ» ያልከው ጋ። የሩቅ ትዕዛዝ ስትሰጥ ጨዋታው ለእያንዳንዱ ወታደር ለብቻው መንገድ ይፈልግለታል። ጓደኛው የት እንደደረሰ አያይለትም። 4 ነጥብ ያለው ፈረሰኛ ሜዳውን በሁለት ተራ ይጨርሰዋል፣ 2 ነጥብ ያለው እግረኛ አራት ተራ ይፈልጋል። ካታፑልቱም 2 ነጥብ ነው ያለው፣ ግን ብዙ ጊዜ ከኋላ ስለሚነሳ መንገዱ በሌሎች ወታደሮች ተይዞበት ዙሪያውን ይሄዳል። አንድ ቤት ላይ አንድ ተዋጊ ብቻ ነው የሚቆመው፣ ይህን አትርሳ። ከዚያ ደግሞ ትዕዛዙ በጉም የተሸፈነውን ጠላት አያውቅም። ወታደርህ በሦስተኛው ተራ ከጠላት ጉያ ውስጥ ሲገባ አንተ ሌላ ቦታ እርሻ እያሠራህ ትሆናለህ።

የሩቅ ትዕዛዝ በራስህ አገር ውስጥ፣ ጠላት በሌለበት፣ ተጠቀምበት። ድንበር ካለፍክ በኋላ በየተራው በእጅህ አንቀሳቅስ። ያሰለቻል፣ ግን ሌላ መንገድ የለውም። የማውሱን ቁልፍ ሳትለቅ መንገዱን ስትጎትት ጨዋታው በስንት ተራ እንደሚደርስ ቁጥር እያደረገ ያሳይሃል። ያንን ቁጥር ለእያንዳንዱ ወታደር ተመልከት። አንዱ 3፣ አንዱ 6 የሚል ከሆነ ባለ 3ቱን አቆየው። ማስተካከያው ውስጥ ገብተህ ደግሞ አንዱን ወታደር ስትጨርስ ወዲያው ወደ ሌላው የሚዘልልህን፣ አውቶ ዩኒት ሳይክሊንግ የሚለውን አጥፋው። እኔ ሳላጠፋው ስንት ቀስተኛ ነው ያበላሸሁት! ዓይንህ ካርታው ላይ አንዱን ሰው እያየ ጨዋታው ሌላውን ይመርጥልሃል፣ ስትጫን የማይሆነው ሰው ይሄዳል። ወደኋላ መመለሻ ደግሞ የለውም።

ወታደር የሚሰበሰብበት ቦታ ይኑርህ። ወሎ ላለ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። በ1888 ዓ.ም. ምኒልክ ለዐድዋ ሲዘምቱ ባወጡት ዐዋጅ የሸዋውን ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ «ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ» ነው ያሉት። በቀጥታ ትግራይ ድረስ፣ ጠላት ፊት፣ አላሉትም። መጀመሪያ ቦታ፣ ከቦታው ጋር ቀን። ከልዩ ልዩ አውራጃ የሚመጣ ሰው እኩል አይሄድም፤ አንዱ ፈረስ አለው፣ አንዱ ስንቅ ተሸክሟል፣ አንዱ ሩቅ ነው። አንድ ላይ የሚያደርገው የመክተቻው ቦታና ቀኑ ነው። አንተም በጨዋታው የራስህን ወረኢሉ ምረጥ።

የት ይሁን? ጦርነት ከማወጅህ በፊት ከጠላት ድንበር ውጭ መሆን አለበት። አገሮች ድንበራቸውን ከዘጉ በኋላ ያለ ስምምነት መግባት አትችልም። ስለዚህ ከድንበሩ ሁለት ሦስት ቤት ርቀህ፣ ሰፋ ያለ ሜዳ ያለበት፣ ቢቻል መንገድ የሚደርስበት ቦታ ያዝ። በጣም ተጠግተህ ከከተትህ መሪው ብቅ ብሎ ጦርህን ከድንበሬ አርቅ ይልሃል። እንደማርቅ ቃል ሰጥተህ ብታፈርስ በሌሎቹ መሪዎች ዘንድም ስምህ ይጠፋል። ፈረሰኞቹ ቀድመው ደርሰው ይጠብቁ። መጠበቁ ኪሳራ አይደለም። የኤፍን ቁልፍ ተጭነህ ምሽግ አስይዛቸው፣ ወይም ስፔስ ተጭነህ ተራቸውን እለፍ። የመጨረሻው ካታፑልት ሳይደርስ ጦርነት አታውጅ። ከዚህ ምላሽ አንድ ነገር ብቻ የምትይዝ ከሆነ ይህን ያዝ።

ለምን በካታፑልቱ እንደምትለካ ከዚሁ ከአገራችን ሌላ ነገር ላንሳ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በ1860 ዓ.ም. ነው። መድፉ ሰባት ቶን ገደማ ይመዝናል። ጥቅምት መባቻ ላይ ተነስተው መቅደላ የደረሱት መጋቢት ውስጥ ነው፣ ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጀ። ርቀቱ ለእግረኛ ያን ያህል ሆኖ አይደለም። በየገደሉ መንገድ እየተጠረገ፣ ሰው በጠፍር እየጎተተ ነው ያለፈው። የጦሩ የቀን ጉዞ የመድፉ የቀን ጉዞ ሆነ። እኔ ያንን መልክዓ ምድር በእግሬ አይቼዋለሁ፤ በበሽሎና በጅጣ ወንዞች ቁልቁለት ያ ብረት እንዴት ወርዶ እንዴት እንደወጣ ሳስበው እስከ አሁን ይደንቀኛል። ከባድ መሣሪያ ያለው ጦር ፍጥነቱ የከባዱ መሣሪያ ፍጥነት ነው። ቴዎድሮስ ይህን አውቀው ነው መንገዱን አስቀድመው ያሠሩት።

መንገድ በጨዋታውም ቀድሞ ነው የሚሠራው፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውላት ነገር አለች። ሲቪላይዜሽን 6 ላይ በመጀመሪያዎቹ ዘመናት መንገድ የሚያወጣልህ ነጋዴ ነው። የሄደበት ሁሉ መንገድ ይሆናል። ስለዚህ ወደፊት ልትይዘው ወዳሰብከው ከተማ ዛሬ ነጋዴ ላክ። ሲራራው እየተመላለሰ ሲያተርፍልህ መንገዱም ይወጣል። መንገድ ላይ ኮረብታውም ጫካውም 1 ነጥብ ብቻ ነው የሚጠይቀው። የመጀመሪያው ዘመን መንገድ ድልድይ የለውም፣ ወንዙ እንደወንዝ ይቆጠርብሃል። ቀጥሎ ባለው በክላሲካል ዘመን የሚወጣው ግን ድልድይ አለው። ቅድም በአራት ተራ ያለፍነውን ሜዳ፣ ኮረብታ፣ ሜዳ፣ ኮረብታ መንገድ ሲኖረው በሁለት ተራ ትጨርሰዋለህ።

ከድንበሩ ካለፍክ በኋላ ሁለተኛ መቆሚያ ያስፈልግሃል። ቅጥር ያለው ከተማ እስከ 2 ቤት ድረስ ይተኩሳል። ቅጥር የሌለው አይተኩስም። ስለዚህ ከከተማው 3 ቤት ላይ ቁም። እዚያ ምንም አይደርስብህም፣ በሜዳ ከሆነ ደግሞ እግረኛህ በአንድ ተራ ከተማው ጥግ ይደርሳል። እዚህ መስመር ላይ ሁሉም እስኪሰለፍ አንድ ተራ ብታድር አይቆጭህ። ካታፑልት የሚተኩሰው 2 ቤት ነው፣ ከተማውም 2 ቤት። ካታፑልት ደግሞ ተንቀሳቅሶ በዚያው ተራ አይተኩስም። ይህ ማለት ከተማው ፊት ቀርቦ አንድ ተራ ሙሉ ሳይተኩስ ይመታል ማለት ነው። ብቻውን ከገባ ያልቃል። እግረኛው በዚያው ተራ አብሮ ከገባ ግን ከተማው በተራ አንድ ጥይት ነው ያለችው፣ አንዱን ይመታል፣ ሌላው ይድናል።

ባለፈው ወር አንድ የጎረቤት ልጅ እኔ ጋ መጥቶ በአንድ ላፕቶፕ ተራ በተራ ስንጫወት ያደረገውን ልንገርህ። ሦስት ሰይፈኛ፣ ሁለት ቀስተኛ፣ ሁለት ካታፑልት፣ አንድ ቅጥር መደርመሻ ራም ነበረው። ጥሩ ጦር ነው። ወደ ከተማዬ የሚያስገባው በተራራና በሐይቅ መሃል ያለች አንዲት ቤት የምታህል በር ነበረች። ልጁ ቸኩሎ ቀስተኞቹን አስቀደመ። አንደኛው ቀስተኛ በሩ ላይ፣ ሁለተኛው ከኋላው። ሰይፈኞቹ ከነሱ ኋላ ተደረደሩ፣ ካታፑልቶቹ ጭራ ላይ ቀሩ። ስምንት ሰው ይዞ የሚዋጋው አንድ ሰው ብቻ ሆነ። እኔ ያለኝ ሁለት ፈረሰኛና አንድ ጦረኛ ነበር። ቀስተኛው እጅ ለእጅ ውጊያ ላይ ደካማ ነው፣ በአንድ ተራ ጣልኩት። በሩ ላይ ሌላው ቀስተኛ ገባ። እሱንም። ከዚያ ጦረኛዬን በሩ አፍ ላይ ምሽግ አስያዝኩትና ሰይፈኞቹ አንድ በአንድ እየመጡ እሱ ላይ ደከሙ። መብራት ጠፋና ላፕቶፑ እየሞተ ሳለ ልጁ «ጦሬ ብዙ ነበር እኮ» አለኝ። ብዙ ነበር። ሰልፉ ግን የአንድ ሰው ሰልፍ ነበር።

በማግስቱ ያንኑ ጨዋታ ከፍተን ደገምነው። ሰይፈኛውን አስቀደመና በሩን አልፎ ወጥቶ ወደ ጎን እንዲቆም አደረገ። ሁለተኛው ሰይፈኛ ተከትሎ በሌላው ጎን ወጣ። አሁን በሩ ሁለት ጠባቂ አለው። ቀስተኞቹ ከኋላቸው ገቡ፣ ካታፑልቶቹ በሦስተኛው ተራ በሩን አለፉ። በዚህ ዓይነት ጠባብ ቦታ ያለው ሕግ ቀላል ነው፤ ከፊት ያለው መጀመሪያ ይንቀሳቀስ፣ ቦታ ይልቀቅ፣ የኋላው ይከተል። ከኋላ ከጀመርክ ሁሉም እርስ በርሱ ይዘጋጋል። እኔም ፈረሰኞቼን ልኬ አንድ ካታፑልት ብቻ ነው የጎዳሁበት።

በአንድ ተራ ውስጥ ማን ይቅደም የሚለውም ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ቃፊርህን ወይም አንድ ፈረሰኛህን አንቀሳቅስ፣ ጉሙ ይገለጥ። ካየህ በኋላ ቀስተኛና ካታፑልት ይተኩሱ። ከተኮሱ በኋላ የተዳከመውን እግረኛው ይጨርስ። እግረኛ ሲያጠቃ ጠላት ወደቆመበት ቤት የሚያስገባ ነጥብ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ ወንዝ ማዶ ወይም ኮረብታ ላይ ያለን ጠላት ለመምታት ከአጠገቡ አድረህ ሙሉ ነጥብ ይዘህ ጀምር። ወንዝ ተሻግሮ ማጥቃት ደግሞ ጉልበትህን ይቀንሳል፣ ከቻልክ ዛሬ ተሻግረህ ነገ ውጋ። የተጎዳ ወታደር ካለህ አታስገድደው። ጠላት አገር ሳይንቀሳቀስ ካደረ 5 ይድናል፣ የማንም ባልሆነ መሬት 10፣ በራስህ አገር 15። ከድንበሩ ሁለት ቤት ወደኋላ መመለስ የማገገሚያውን ፍጥነት በእጥፍ ያደርግልሃል።

ሁሉንም ፈረሰኛ ላድርግ ላልከው። ፈረሰኛ ጥሩ ነገር ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። 4 ነጥብ አለው፣ ቁጥጥር አይዘውም፣ የተበተነ ጠላት ያሳድዳል፣ ብቻውን የቆመ ቀስተኛ ይበላል፣ እርሻና ማዕድን ይዘርፋል። ቅጥር ላይ ግን አይሆንም። ራም የሚያግዘው ሰይፈኛና ጦረኛን ብቻ ነው፣ ፈረሰኛን አያግዝም። ቀስተኛም ቅጥር ሲመታ 17 ይቀነስበታል። ስለዚህ ቅጥር ያለውን ከተማ የሚከፍትልህ ካታፑልት ነው፣ ወይም ራም የያዘ እግረኛ። ራምም ቢሆን የሚሠራው በመጀመሪያው ዓይነት ቅጥር ላይ ነው፤ ከተማው የመካከለኛው ዘመን ቅጥር ካበጀ ራሙን ተወውና ሲጅ ታወር (ቅጥር መውጫ ግንብ) ወይም ካታፑልት ፈልግ። ቅጥር የሌለው ከተማ ካገኘህ፣ ጨዋታው ገና መጀመሪያው ላይ ከሆነ፣ አራት አምስት ፈረሰኛ ብቻውን ይይዝልሃል። ያ አንዱ የተለየ ሁኔታ ነው። ከዚያ ውጭ ከስምንት ሰው ሁለት ፈረሰኛ ይበቃል፣ ቦታቸውም የጎን ጠባቂነት ነው፤ ካታፑልቶችህን የጠላት ፈረሰኛ እንዳይደርስባቸው ዳርና ዳር ይቁሙ።

ራሙን ብቻውን አታንቀሳቅስ። ከሰይፈኛ ጋር አንድ ቤት መቆም ይችላል፤ አገናኛቸውና አንድ ላይ ይሂዱ። ብቻውን የተገኘ ራም ወዲያው ይወድቃል።

ከተማውን ስትከብ ደግሞ ስድስቱንም ቤት መሙላት የለብህም። ከተማ ዙሪያው ሁሉ ከተያዘ ወይም በቁጥጥር ውስጥ ከገባ ራሱን ማዳን ያቆማል። ሁለት እግረኛ በተቃራኒ ጎን ብታቆም የሁለቱ ቁጥጥር ስድስቱንም ቤት ይሸፍናል። ይህን ሳያውቁ ስድስት ወታደር ከበባ ላይ የሚያባክኑ አሉ። ከተማው ወንዝ ዳር ከሆነ ግን ቁጥጥሩ ወንዙን ስለማይሻገር ሦስተኛ፣ አንዳንዴ አራተኛ ሰው ያስፈልግሃል። እዚህ ላይ ፈረሰኛ ጠቃሚ ነው፣ ከኋላ ዞሮ የሚዘጋው እሱ ነው።

ታላቅ ጄኔራል ካገኘህ ሁሉም ነገር ይቀላል። በ2 ቤት ውስጥ ላሉ የዘመኑ ወታደሮች 5 ጉልበትና 1 የእንቅስቃሴ ነጥብ ይጨምራል። 1 ነጥብ ትንሽ ትመስላለች። እግረኛህ 3 ሲሆን ሜዳ ተራምዶ ኮረብታ ይወጣል። ካታፑልትህ ደግሞ ተንቀሳቅሶ በዚያው ተራ ይተኩሳል። ግን ጄኔራሉን ቀድመህ አንቀሳቅሰህ ጦሩን ኋላ ብታስቀር ጥቅሙን ታጣለህ፤ በመሃል አስኪደው።

ይህ ሁሉ የማይሠራበት ቦታ አለ፣ እሱንም ልንገርህ። ጠላትህ በተራራ ሰንሰለት ውስጥ ተቀምጦ መግቢያው አንድ በር ብቻ ከሆነና በሩ ላይ ምሽግ የያዘ ጦረኛ፣ ከኋላው ሁለት ቀስተኛ ካለው፣ በዚያ ዘመን መሣሪያ አታልፈውም። በባሕር ዞረህ ሂድ፣ ወይም ሌላ ከተማ ምረጥ። ስምንት ሰው ከማስጨረስ አሥር ተራ መዞር ይሻላል። ሌላው፣ ጦርህን እያሰባሰብክ ሳለ ኮምፒዩተሩ ቀድሞ ቅጥር ሊሠራ ይችላል። መክተት ጊዜ ይበላል፣ አልዋሽህም። ለዚህ ነው ነጋዴውን አስቀድመህ ላክ ያልኩህ፣ ካታፑልቱንም ከድንበር ቅርብ በሆነው ከተማህ ሥራው። ከዋና ከተማህ ካስነሳኸው ግን ገና ድንበር ሳትደርስ አሥር ተራ ይበላብሃል።

ከጥያቄህ ጋር የላክኸው ፎቶ ላይ ያለው ጦርነት ሴቭ ተደርጎ ካለ መልሰህ ክፈተው። ከተማው በስተሰሜን ሦስት ሜዳ ቤቶች አሉት፣ ምሥራቁ ወንዝ ነው። ሁለቱን ፈረሰኞች ወደኋላ መልስና ሜዳው ጫፍ ላይ አቁማቸው። ካታፑልቶቹን በነጋዴው መንገድ አምጣቸው፣ አምስት ተራ ይፈጅብሃል። ሰይፈኞቹ እስከዚያ ከከተማው 3 ቤት ላይ ምሽግ ይያዙ። ስድስተኛው ተራ ላይ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አስገባ፣ ሰይፈኛ መጀመሪያ፣ ካታፑልት ቀጥሎ፣ አንድ ፈረሰኛ ወንዙን ዞሮ ከኋላ። በሰባተኛው ተራ መተኮስ ትጀምራለህ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጻፍልኝ።